ባሕሩ የተገዘተ ሰሞን

ፓራቴኔ ሰውየውን ማጅራቱን ጨምድዶ ባሕር ውስጥ ደፍቆታል። ማዕበሉ ሲመጣ ሁለቱንም ይውጣቸዋል፤ ሲመለስ የፓራቴኔ ሰፊ ጀርባና ከሥሩ የሚንፈራገጡ ሁለት እግሮች ብቅ ይላሉ። ንጋሁያ በቢላዋ እየተረተረች የነበረውን ጆንያ ጥላ ሮጠች። ወንድሟ አንዴ የያዘውን እንደማይለቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ጠራችው፤ አልሰማም። ጀርባውን በጡጫ ወቃችው፤ አልተሰማውም። በመጨረሻ ረጅም ጸጉሩን በሁለት እጇ ጠቅልላ ወደ ኋላ ጎተተችውና ሁለቱም ውሃው ላይ በጀርባቸው ወደቁ።

«ይሄ ባሕር አንድ ሬሳ ይበቃዋል» አለችው ጆሮው ሥር። «ሁለተኛ አትጨምርበት።»

ያን ጊዜ እጁ ላላ።

ሰውየው በአራት እግሩ እየዳኸ ወደ አሸዋው ወጣ። ዶይል ይባላል፤ ከከተማ እየመጣ የሌላውን ባሕር የሚያራቁት ሰው ነው። መንጋጋው ወደ አንድ ወገን ሄዷል። ፓራቴኔ የመታው ፓዋ የሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ከቋጥኝ በሚፈለቀቅበት ብረት ነበር፣ ያውም ዶይል ራሱ በያዘው ብረት። ሰውየው ደም፣ የባሕር ውሃና ጥርስ አንድ ላይ ተፋ። ወንድሙና ሌላ ጓደኛው ግን ገና ጠቡ ሲጀመር ፒካፓቸው ላይ ዘልለው፣ አንድ ጆንያ እንደጫኑ ጥለውት አምልጠዋል። የመንደሩ ሰዎች ዶይልን በብብቱ ይዘው እስከ አስፋልቱ ጎተቱትና እንደ ቆሻሻ ከረጢት መንገድ ዳር አስቀመጡት። መንገደኛ ያንሳው ብለው ተመለሱ።

ንጋሁያ ወደ ውሃው ተመልሳ ገባች። ከጆንያዎቹ የደፋችው ፓዋ በየስንጥቁ ተበትኗል። ፓዋ በጀርባው ከወደቀ ራሱን መገልበጥ ስለማይችል ዓሣ ይበላዋል። ስለዚህ ጎንበስ እያለች፣ መዳፍ የሚያህለውን ዛጎል አንድ በአንድ እያነሳች፣ ጥቁሩን ሥጋ ቋጥኙ ላይ ለጥፋ እስኪይዝ ድረስ በእጇ ትጫነዋለች። እጇ ከዛጎሎቹ መካከል ሲገባ ዐይኗን ትጨፍን ነበር። ልጇ እዚህ ውሃ ውስጥ ነው። የት ጋ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ቱሮዋን ባሕሩ ከወሰደው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ለሽማግሌዎቹ ሊጠልቅ ገብቶ ነው የቀረው። ቱሮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕር የሚያወጣውን ወደ ገዛ ቤቱ ይዞ ገብቶ አያውቅም። አስቀድሞ በየሽማግሌው ደጃፍ ይዞራል፤ ለአንዷ ኪና የሚሉትን እሾሃም የባሕር ጃርት፣ ለአንዱ የዓሣ ራስ፣ ጥርስ ለሌላቸው ፓዋውን ራሱ በድንጋይ ወቅጦ። ለእናቱ የሚተርፋት አንዳንዴ ጠረኑ ብቻ ነበር። ስታጉረመርም «አንቺ ገና ጥርስ አለሽ፣ እማዬ» ይላታል። የዋይኮራ መንደር ነርስ የስኳር መለኪያዋን ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር፣ የዋይኮራ ሰው መድኃኒት ቤቱ ባሕሩ ነው፣ እኔ ቆጣሪ ብቻ ነኝ ትል ነበር።

ልጁ በቀረ ዕለት አዛውንቱ ራዊሪ ጸሎት አድርገው ባሕሩን ገዘቱት። ከሰሜኑ አፍንጫ እስከ ደቡቡ ወንዝ አፍ ድረስ፣ ቅጠል የታሰረበት እንጨት በአሸዋው ላይ ተተከለ። በማኦሪ ዘንድ የሰው ሬሳ ያለበት ባሕር አይበላም። ዓሣው ምን እንደበላ፣ ቋጥኙ ላይ ያለው ፍጥረት ከምን እንደጠባ አይታወቅማ። ከዚያ ውሃ የሚበላ ሰው ወገኑን እንደበላ ይቆጠራል። ይሄን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሕፃን ያውቀዋል።

ግን ሆድ ግዝት አያውቅም። ሰው ወደ ሱቁ ዞረ፤ ወደ ነጩ ዳቦ፣ ወደ ቋሊማው፣ ስቡ ወደሚንጠባጠበው የበግ ሥጋ። ነርሷ ከመለኪያዋ ቀና ብላ መሳቅ ተወች። ደርቆ የነበረ የአንድ ሽማግሌ የእግር ቁስል እንደገና ከፈተ። አንዲት አሮጊት ዐይኔ ጨለመ አለች። እንዲህ እያለ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በጉባኤው ቤት ማጉረምረም ተጀመረ። አንዱ ተነስቶ፣ ሙታንን ማክበር ደግ ነው፣ ነገር ግን አንድ ሙት ብለን አሥር ሽማግሌ ልንቀብር ነው ወይ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁስሉ የከፈተው አባቱ ነው።

ፓራቴኔ የተነሳው ያን ጊዜ ነው። አያቶቹ በእንጨት ተቀርጸው ከቆሙበት ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመ።

«ወንድ ሴት አልል፣ ሽማግሌ ሕፃን አልል» አለ። «የእህቴ ልጅ ሳይወጣ ከዚህ ባሕር የበላም ያበላም በዚህ እጄ ይሞታል።»

አዛውንቱ ራዊሪ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ግዝቱ የእግዚአብሔር ነው ልጄ፣ ቅጣቱንም ለባለቤቱ ብትተውለት አሉት ቀስ ብለው። ፓራቴኔ ግን ቃሉን አላነሳም። በዚያ ግድግዳ ፊት የተነገረ ቃል ደግሞ ተመልሶ አይዋጥም። ለንጋሁያ ልጅ ክብር የተማለ መሐላ ነው፤ ማመስገን ነበረባት። እሷ ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ ስትጸልይ ሁለት ነገር ነው የምትለምነው፤ ልጄን አውጣልኝ፣ የወንድሜን እጅ ያዝልኝ።

ከባሕር ዳሩ ጠብ በኋላ ደግሞ ልመናዋን አጠበቀችው። የወንድሟ እጅ ምን ማድረግ እንደሚችል አይታለችና።

እናታቸው ሄኒ በንጋሁያ ቤት ነው የምትጦረው። ኩላሊቷ ደክሟል፣ እግሯ አብጧል፤ ምላሷ ብቻ እንደ ድሮው ነው። ባሕሩ ከተገዘተ ወዲህ መብላት ትታለች። ሾርባ ሲያቀርቡላት ጣቷን ነክራ ትቀምስና ይሄን ለዶሮ ስጡት ትላለች። ዳቦ ሲሰጧት ጥጥ አልጋ ላይ ነው እንጂ አፍ ውስጥ አይገባም ትላለች። ነርሷ ብታባብላት፣ ብትቆጣት፣ እንዲህ ከቀጠልሽ አንድ ሳምንትም አትቆዪ ብላ ብታስፈራራት ምንም። አሮጊቷ ግዝቱ ይነሳ ብላ ግን አንድ ቀን አልተነፈሰችም። ሌላ ሰው ሲያጉረመርም ብትሰማ፣ ድሮ ለሙት ልጅ ዓመት ይጾም ነበር ብላ ታሳፍረዋለች።

ሆሄፓ ሳህን በፎጣ ሸፍኖ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የፓራቴኔ ብቸኛ ልጅ ነው፤ ከቱሮዋ ጋር አንድ ላይ ያደገ፣ አንድ አልጋ ላይ የተኛ፣ ሃያ አራት ዓመቱ። የተከተፈ ፓዋ ነው፣ በሽንኩርትና በክሬም የተሠራ፣ ጥቁር መረቁ የሚጤስ። ቤቱን ሽታው ሞላው። ንጋሁያ ከምድጃው ዞር ብላ አፈጠጠችበት። ከደቡብ ነው አላት ሳትጠይቀው፤ ከሩቅ፣ ከሌላ ጎሳ ባሕር፣ ከአንድ ሰው ገዝቼ ነው።

አሮጊቷ የልጅ ልጇን ትክ ብላ አየችው። ቀጥላ ሳህኑን አየች። ከዚያ ማንኪያውን ተቀበለችና በላች። ሁሉንም በላች። የሳህኑን ጥግ ጥግ፣ ጥጥ ነው ባለችው ዳቦ ጠርጋ በላች። አመሻሹ ላይ ጉንጯ ቀልቶ፣ ገላዬን እጠቡኝ አለች። ትራሷን ተደግፋ መዝሙር ስታንጎራጉር ንጋሁያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ የሚል ነገር ደረቷ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ሆሄፓን ግንባሩን ይዛ ሳመችው። ልጁ ግን እንደ መሸሽ አለ። ከሐዘኑ ነው ብላ አለፈችው።

እሁድ፣ ሰው ከጸሎት ሲወጣ፣ የዶይል ወገኖች መጡ።

በሦስት ፒካፕ ነው የመጡት። ዶይል መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ከኋላ ተቀምጧል፤ መናገር አይችልም፤ ይጠቁማል እንጂ። ሲወርዱ የመጀመሪያ ሥራቸው በአሸዋው ላይ በነበረችው የፓራቴኔ ጀልባ ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነበር። ጀልባዋ ስትነድ መንደሩ በሙሉ የጸሎት ልብሱን እንደለበሰ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል የሚያውቅ የለም። የብረት ዱላ ነበር፣ መቅዘፊያ ነበር፣ የመኪና ሰንሰለት ነበር። ፓራቴኔ ሰንሰለት የያዘውን ሰው ሰንሰለቱ ክንዱ ላይ እየተጠመጠመ ጎትቶ አፍንጫውን በግንባሩ ፈረጠው። አንድ ጎረቤት ጎኑን ተመትቶ ተንበረከከ፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር የደረቀ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። ንጋሁያ ራሷ መቅዘፊያ አንስታ ከፊቷ የመጣውን ወጣት ጉልበቱን አለችው። ወጣቱ እየጮኸ ሲወድቅ ልጇን በሚያህል ዕድሜ ላይ መሆኑን አየች፤ ቢሆንም ደገመችው። ሆሄፓ አባቱ ጎን ተሰልፎ ይማታል፤ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ዐይኑ ውስጥ ይገባል። አዛውንቱ ራዊሪ መሃል ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ሲጣሩ አንዱ ገፍትሮ አሸዋ ላይ ጣላቸው። ያን ያየ የመንደሩ ሰው ቀድሞ የነበረው ይሉኝታም ጠፋ። ድንጋይ ዘነበ። የፒካፖቹ መስታወት ረገፈ።

የከተማው ሰዎች የወደቁትን እየጎተቱ ሲሸሹ፣ የዶይል ወንድም መኪናው ላይ ቆሞ ዞረ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ቢሆንም ይስቃል።

«እኛን ሌባ ትላላችሁ» አለ። «ጭነን የሄድነውን ጆንያ ከእኛ ማን ገዛው? የእናንተው ልጅ ነው። ያን ግንባሩ የደማውን ጠይቁት። ጣፈጣችሁ?»

መኪናው ጠጠር እየረጨ ሄደ።

የምትነደው ጀልባ ትንጣጣለች። ሰው ሁሉ ወደ ሆሄፓ ዞረ። ልጁ መካድ ይችል ነበር፤ የሌባ ቃል ነው፣ ማን ያምነዋል። እሱ ግን እጁ ላይ የነበረውን ዱላ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

ፓራቴኔ ቀረበው። «የት የወጣ ነው ብለህ ጠየቅካቸው?»

«አልጠየቅኩም፣ አባዬ።»

«ለምን?»

«ከጠየቅኩ ይነግሩኛል ብዬ።»

ሰው ሁሉ እያየ፣ ፓራቴኔ መቅዘፊያውን አንስቶ ልጁን ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ሆሄፓ ወደቀ። ጀርባውን፣ ጎኑን፣ የሸፈነበትን ክንዱን እንደ እባብ ቀጠቀጠው። ልጁ አልጮኸም፤ አልሸሸም። ይሄ ነው ንጋሁያን ያስበረገጋት። ሮጣ ላዩ ላይ ተደፋችበት፤ መቅዘፊያው እሷንም ወገቧ ላይ አገኛት። ሦስት ወንዶች ተረባርበው ፓራቴኔን ያዙት። ሲይዙት ወዲያው ቀዘቀዘ፤ መቀዝቀዙ ከቁጣው የባሰ አስፈራ።

«ልቀቁኝ» አለ በዝግታ። «የባዕድ ደም በላዬ ላይ እያለ የልጄን አላፈስም። ወንዝ ወርጄ እታጠባለሁ። አንተ ቤት ሂድና ደጃፉ ላይ ጠብቀኝ።»

ሆሄፓ ተነሳ። እየተንገዳገደ ሄደ፤ ወደ ጫካም አልዞረም፣ ወደ አስፋልቱም አልዞረም። ወደ አባቱ ቤት ነው የሄደው። ፓራቴኔ ወደ ወንዙ ወረደ። ቤቱ ከአልጋው ራስጌ ላይ የዱር አሳማ የሚያድንበት ጠመንጃ መኖሩን የማያውቅ ሰው በዚያ አልነበረም። አዛውንቱ ራዊሪ ልብሳቸው አሸዋ እንደያዘ ተከትለውት ሄደው ለመኑት፤ እጁን ከመታጠብ ቀና አላለም። ፖሊስ ተጠርቷል፤ ግን ከተማው ከተራራው ወዲያ ነው፤ ሰው እስኪደርስ አንድ ሰው መቅበር ይቻላል።

ንጋሁያ ወገቧን ይዛ እናቷ ዘንድ ገባች። አሮጊቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሁሉንም አይታለች።

«ሆሄፓ ያመጣልዎት ከተገዘተው ባሕራችን የወጣ ነው፣ እማማ» አለች ንጋሁያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እያለች። «እንዴት ልንገርዎ…»

«በመጀመሪያው ጉርሻ አውቄዋለሁ» አለች ሄኒ። «ሰማንያ ዓመት የበላሁት ቋጥኝ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን በሉት?»

«ልጁ ዐይኔን ይሸሽ ነበር። ሳህኑን ብመልስለት ወንድምሽ ለምን መለሰች ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጥኩለት። የበላሁት የራሴን ልጅ ልጅ ከሆነ፣ ስሄድ ሂሳቡን ከሱ ጋ አደርጋለሁ። ርቦኝም ነበር፤ ምን ልዋሽሽ።»

ንጋሁያ አለቀሰች። እንሂድና እንለምነው፣ እርስዎን ተሸክመን እንውሰድዎ፣ ከእርስዎ ፊት አይገድለውም አለች። አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። መሐላው የበላም ያበላም ላይ ነው፤ ሰው ለይቶ አልማለም፤ እኔን ካየ እኔንም ልጁንም ለመግደል ያስባል አለች። ከዚያ የአባቷን ነገር አነሳች። ንጋሁያ ይሄን ታሪክ በልጅነቷ ስትሰማ እንደ ተረት ነበር የምትሰማው። የሄኒ አባት በቸልተኝነቱ የጎረቤት ልጅ በጀልባው አስጥሞ ነበር አሉ። የሟች ወገኖች በጠራራ ፀሐይ መጡ፤ አባቷን ደበደቡት፣ ከዚያ ቤቱን ዘረፉት፤ ድስት፣ መረብ፣ ፈረስ፣ ድንች ሳይቀር። አባቷ እጁን አላነሳም። ሙሩ ይባላል። ዘረፋው ካበቃ በኋላ ስለዚያ ነገር ቂም የያዘ፣ ደም የፈለገ ሰው ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የሚያደርገው አልነበረም፤ ግን የቀረው ሰው ስለተወው እንጂ ስለሻረው አይደለም።

«ሊገድል የተነሳን ወንድ በልመና አይመልሱትም» አለች አሮጊቷ። «ይዘርፉታል፤ ልጁ ላጠፋው የአባቱ ቤት ይከፍላል። የሟች እናት አንቺ ነሽ። ካንቺ በቀር የሚችል የለም።»

«ወንድሜን?»

«ወንድምሽን። ልጁን ደግሞ ምቺው። ከልብሽ ምቺው። ለይስሙላ ከመታሽው ወንድምሽ ያውቅብሻል።»

ንጋሁያ የሟች ባሏን ወገኖች ከየቤቱ ጠራች። ገና ከጠቡ ደማቸው ያልደረቀ፣ አንዱ ክንዱን በመቀነት ያንጠለጠለ፣ አንዷ ጫማዋ የጠፋ። ነገሩን ሲሰሙ አንድ ሽማግሌ፣ ለካ እንዲህ ያለ ነገር ነበረን ብሎ መጥረቢያውን ሊያመጣ ገባ።

ሲደርሱ ሆሄፓ እንደታዘዘው ደጃፉ ላይ በጉልበቱ ነው። ፓራቴኔ ከወንዝ ተመልሷል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጸጉሩ እርጥብ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል፤ ከንፈሩ በጸሎት ይንቀሳቀሳል። የሚመጡትን ሲያይ ሊያስቆሙት የመጡ መስሎት ብድግ አለ።

ንጋሁያ ግን ወደ እሱ አላየችም። በቀጥታ ወደ ሆሄፓ ሄደች።

«ልጄን ለወገኑ አብልተሃል» አለችው ድምጿን ከፍ አድርጋ፤ ሁሉም እንዲሰማ።

«አዎ፣ አክስቴ» አለ።

የያዘችው ዱላ ከባድ ነበር። እናቷ ያለቻትን አሰበች፤ ከዚያ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሦስት ሳምንት አሸዋው ላይ የተመላለሰችበት፣ በየዕለቱ ማዕበሉ ባዶ እጇን የመለሳት፣ ሁሉም ክንዷ ላይ መጣ። የልጁ የአንገት አጥንት ሲሰበር በእጇ ተሰማት። ሆሄፓ በጎኑ ወደቀና ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። አባቱ በረንዳው ላይ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ጠመንጃው እጁ ላይ ነው፤ ወደ ማን እንደሚያዞረው ለአፍታ እሱም አላወቀም።

«ሙሩ ነው» አሉ አዛውንቱ ራዊሪ ከኋላ። «የሟች እናት መጥታለች። ቁምና ተቀበል።»

ፓራቴኔ ቆመ።

ከዚያ ቤቱን ገቡበት። መስኮቶቹ ወደ ውስጥ ረገፉ። በሩን በመጥረቢያ ከማጠፊያው ለዩት። ፍሪዘሩን ሦስት ሆነው ሲያወጡት ደረጃውን ሰበረው። የጀልባ ሞተሩን፣ መረቦቹን፣ የመጥለቂያ ልብሱን፣ ምድጃውን፣ የሟች ሚስቱን የሰርግ ሳህኖች፣ አልጋውን። ሳህኖቹ ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ተሰበሩ፤ ማንም አላነሳም። አንድ ወፍራም ሴት ሶፋውን ብቻዋን እየጎተተች፣ ይሄን ሶፋ እንኳ ዓሥር ዓመት ተመኝቼዋለሁ አለች። አንዳንዱ ሊስቅ ሲል ሳቁን ዋጠ። ፓራቴኔ ሁሉንም እያየ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ከልጁ ጋር የነበረው ነገር ከእጁ እየወጣ መሆኑ ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው ይታይ ነበር። ጠመንጃውን አጥብቆ ያዘ።

ንጋሁያ ደረጃውን ወጥታ እጇን ዘረጋች።

«ስጠኝ» አለችው። «የቤቱ ዕቃ ነው።»

ወደ አዛውንቱ ተመለከተ። ራዊሪ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ወደ መንደሩ ሰው ተመለከተ፤ ማንም ዐይኑን አልሰበረለትም። በእርጥቡ ጸጉሩ ውስጥ ያለፈ ውሃ አገጩ ላይ ተንጠባጠበ። ንጋሁያ የጠመንጃውን አፈሙዝ ያዘች። ሳትጎትት ያዘችው። ሁለቱም አንድ ብረት ይዘው ብዙ ቆሙ። ከዚያ የእሱ ጣቶች አንድ በአንድ ተፈቱ።

ጥይቱን አውጥታ አፈሰሰችና ጠመንጃውን ከኋላዋ ለቆመው ሰጠች። ወርዳ ሆሄፓን በደህናው ክንዱ ይዛ አነሳችው።

«ይሄም የቤቱ ነው» አለች። «ይሄንንም ወስጃለሁ።»

ፓራቴኔ ከደረጃው ወረደ። ያን ሁሉ ሲቀሙት ያልተናገረው ሰው አሁን ድምፁ ተሰበረ።

«ንጋሁያ። እሱን ተይልኝ።»

«ለምን ፈልገኸው ነው?»

ለምን ሊያስቀረው እንደፈለገ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ልጄን ተይልኝ» አለ እንደገና፣ ይሄን ጊዜ በሹክሹክታ።

«ልጅ የለህም። ዘርፌሃለሁ» አለችው። «ባሕሩ ሲከፈት ለሽማግሌዎቹ የሚጠልቀው እሱ ነው። ከእኔ ቤት ነው የሚወጣው፣ ወደ እኔ ቤት ነው የሚመለሰው። በኔ ዕቃ ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ካለ አሁን ይናገር።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።

መንገድ ጀመሩ። ልጁ በየእርምጃው ያቃስታል፤ ንጋሁያ ወገቧ ላይ ያገኛት ምት አሁን ነው የሚያማት፤ ማን ማንን እንደደገፈ አይለይም። ከፊት ከፊታቸው ሶፋውና ፍሪዘሩ ይሄዳል። ነርሷ ቦርሳዋን ይዛ ከታች እየሮጠች ትመጣለች። ከተራራው ጫፍ የፖሊስ መኪና መብራት ብቅ ብሏል፤ ለፖሊሱ ማን ምን እንደሚል ገና አልተስማሙም።

ከኋላ የእግር ኮቴ ሰማችና ዞረች። ፓራቴኔ ነው። ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። እጁ ላይ ከቤቱ የቀረ አንድ ያረጀ ብርድ ልብስ አለ፤ ዘራፊዎቹ ከጥግ ሳያዩት የተዉት። ወደ እህቱ አላየም። ብርድ ልብሱን ዘርግቶ የተሰበረውን ትከሻ እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ልጁን አለበሰው፤ ጫፉን ከደረቱ ላይ አጣጠፈለት።

ከዚያ በር ወደሌለው ቤቱ ተመለሰ።